ዋናው ጋ ይጠብቁን

ይህን ታሪክ ለሰው ባወራሁ ቁጥር ሰሚው እየሳቀ ይጀምርና አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። እናንተ የት ላይ ዝም እንደምትሉ ማየት አልችልም። ስለዚህ ምንም ሳልዘል ከመጀመሪያው እነግራችኋለሁ። ጥፋቴንም ራሴው ብናገር ይሻላል፤ ሌላ ሰው ቢነግራችሁ አሳምሮ ነው የሚያከፋው።

ያኔ አትላስ አካባቢ አንዲት መኪና አከራይ ቢሮ ውስጥ ነበር የምሠራው። መታወቂያዬ «የስምሪት ሠራተኛ» ይላል እንጂ ሥራዬ ስልክ ማንሳትና ከሹፌሮች ጋር መጨቃጨቅ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ምላሴ ደግሞ ከዕድሜዬ ይቀድማል። ከተማው በሙሉ የሚቆፈርበትና የሚገነባበት ዘመን ስለነበር ጠዋት የታጠፋችሁበት መታጠፊያ ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ታጥሮ ይጠብቃችኋል። መኪና የተከራየ ሰው ገና ከቦሌ ሳይወጣ ጠፍቶ ይደውላል። አለቃዬ ሲመረው «ለእያንዳንዱ ደንበኛ የመንገድ ወረቀት ጻፊለት» አለኝ። ጻፍኩ።

ችግሩ እኔ ደረቅ ነገር መጻፍ አይሆንልኝም። «ጉርድ ሾላ ሲደርሱ ሾላ እንዳይፈልጉ፤ ስሙ እንደሚለው ተጎርዷል» ብዬ እጽፋለሁ። «ከድልድዩ ሥር ግራ ይገባዎታል። ግራ ሲገባዎት ቀኝ ይያዙ» እላለሁ። ሰዉ ወደደልኝ። መኪናውን መልሶ ወረቀቱን ይዞ የሚሄድ ደንበኛ መጣ። አንዱ ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጥፎታል ብለው ሲነግሩኝ ለሳምንት ያህል መሬት አልረገጥኩም። ከዚያ በኋላ መንገድ የምጽፈው ሰው እንዲደርስ ሳይሆን እንዲስቅ ሆነ፤ ይሄ አሁን ነው የገባኝ።

አባቴን ላስተዋውቃችሁ። አያሌው ይባላል። በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበር፤ መርከብ ሥር ገብቶ የተበላሸ ነገር የሚፈትሽና የሚጠግን። ባሕር ኃይሉ ሲበተን ባሕር በሌለበት ከተማ መጥቶ ቦሌ ውስጥ የአንድ ሆቴል መዋኛ ገንዳ ጠባቂና አሠልጣኝ ሆነ። የገንዳው ጥልቁ ቦታ ከእሱ ቁመት ብዙም አይበልጥም። «ይሄ ውሃ አይደለም፣ ሾርባ ነው» እያለ ነው ሃያ ዓመት የሠራው። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት የገንዳውን በር ሲከፍት ፊቱ ይበራ ነበር፤ እኔ አይቼዋለሁ።

ገንዳው ውስጥ ከሚዋኙት መሐል ሳምሶን የሚባል ወጣት ኮንትራክተር ነበር። ዘመኑ ፊቱን ካዞረላቸው የቦሌ ልጆች አንዱ ነው። እሱና ሁለት ጓደኞቹ የመጥለቂያ ዕቃ ከውጭ አስመጥተው «ጋሼ፣ ያስተምሩን» አሉት። አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የአየር ሲሊንደር አዝለው ገንዳው ወለል ላይ ቁጭ ብለው አረፋ ሲያወጡ ከረሙ። በመጨረሻ ሳምሶን «አሁንስ እውነተኛ ውሃ እንግባ» አለ። አባቴ ከሻሸመኔ ማዶ ያለውን የሻላ ሐይቅ መረጠ። ጥልቅ ስለሆነ ነው የመረጠው። ያን ቀን ማታ ቤት ሲመጣ ሲያፏጭ ሰማሁት፤ አባቴ ሲያፏጭ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ዋናውን ምስጢር ልንገራችሁ። አባቴ ስኳር አለበት። ከተገኘበት ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ጠዋትና ማታ መርፌ ይወጋል። የምናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነን። «ሆቴሉ ከሰማ ከውሃው ያወጣኛል። እነሳምሶንም ከሰሙ አብረውኝ አይገቡም» ብሎ ሁለታችንንም አስምሎናል። ሕጉ አንድ ነው፦ ጠዋት ከተወጋ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ መብላት አለበት። ካልበላ ስኳሩ ይወርዳል፤ ስኳሩ ከወረደ ራሱን ይስታል፤ ከሳተ በኋላ የሚሆነውን ሐኪሙ ለእናቴ ነግሯት አንድ ሌሊት ስታለቅስ አድራለች። በጉዞው ዋዜማ እናቴ ማሰሮ እየዘጋች «ሰናይት፣ ስድስት ሰዓት» አለችኝ። «ስድስት ተኩል ብትዪ አልሰማሽም። የምጠይቀው አንቺን ነው።»

የሁላችንም ምሳ የሚሄደው ከዕቃው ጋር በቢሯችን ፒክአፕ ነበር። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ፒክአፑ ማለዳ እኛ ብሎክ ሥር ይመጣል፤ ሲሊንደሩን፣ ምሳውን፣ የአባቴን ሻንጣና ኮት ጭኖ ቀድሞን ይወጣል። ሹፌሩ ጋሽ ፈይሳ ናቸው። ተወልደው ያደጉት እዚያው የካ አባዶ ነው። እኛ ያለንበት ብሎክ የቆመው አጎታቸው ገብስ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ነው፤ ደረጃ ስንወጣ «አሁን የገብሱ መሐል ደርሳችኋል» እያሉ ይቀልዱብናል። ሥራ ላይ ግን ቀልድ የለም። ወረቀት ከሰጠኋቸው ወረቀቱ ያለውን ያደርጋሉ፤ አንድ ፊደል አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። ወደዚያ ሐይቅ ሄደው ስለማያውቁ «ጻፊልኝ» አሉ።

ሁለት ገጽ ጻፍኩላቸው። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ አለኝ፤ ጥቂቱን ልቅዳላችሁ፦

«ጋሽ ፈይሳ፣ ከየካ አባዶ ሲወጡ መንገዱን ካገኙት ቶሎ ይዘውት ይውጡ፤ ትናንት የነበረው ዛሬ ስለመኖሩ ኃላፊነት አልወስድም። ቃሊቲ ላይ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ከፊትዎ ይኖራል። ለማለፍ አይድከሙ፣ ከእሱ ፊት ወንድሙ አለ። ሞጆ ላይ ቀጥ ካሉ ጅቡቲ ይገባሉ። እዚያም ውሃ አለ፣ ግን ፓስፖርት ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ቀኝ ይታጠፉ። ዝዋይ ላይ ዓሣ ያሳዩዎታል። አይተው ይለፉ፣ ዓሣውም እርስዎን አይቶ ይለፍ። ሻሸመኔ መሐል ሁሉም ሰው መንገድ ያሳይዎታል፣ ሁሉም የተለያየ። እርስዎ ቀኝ ወደ አጄ ይያዙ። ከአጄ ወደ ሐይቁ የሚወስደው ኮረኮንች ነው፤ ዋናው ጋ ይጠብቁን። እኛ በነጩ ሚኒባስ እንመጣለን። የጫኑት ዕቃ ውድ ስለሆነ ከዚያ ንቅንቅ እንዳይሉ። ሰው መጥቶ ‹ይጠሩዎታል› ቢልዎት ሌባ ነው። እኔ ራሴ ደውዬ ‹ይምጡ› ብል እንኳ ጠላ ጠጥቼ ነው፣ አይስሙኝ።»

ጋሽ ፈይሳ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱንም ገጽ አነበቡ። አልሳቁም። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና «እሺ» አሉ።

በነጋታው አትላስ ቢሯችን በር ላይ ስንጠብቀው ሳምሶን አርፍዶ መጣ። የመጣው ደግሞ ገና ከጉምሩክ የወጣች በምትመስል አዲስ ጥቁር መኪና ነው። «ሚኒባስ ምን ያደርግልናል፣ በእኔ እንሂድ» አለ። ሁለት ጓደኞቹ ከኋላ፣ እኔ መሐላቸው፣ አባቴ ፊት ተቀምጦ ወጣን። ከአትላስ ቃሊቲ ለመድረስ የፈጀብን ጊዜ ከቃሊቲ ዝዋይ ከፈጀብን አይተናነስም። እኔ የጻፍኩትን ወረቀት በቃሌ እያነበነብኩ ሳስቃቸው ቆየሁ። አባቴም ሲስቅ ነበር።

ዝዋይ ሻይ ጠጣን። አባቴ ያለ ስኳር ጠጣ። ጋሽ ፈይሳ ጋ ደወልኩ።

«ደረሱ እንዴ ጋሽ ፈይሳ?»

«ደርሻለሁ» አሉ። ድምፁ ይቆራረጣል። «እንደጻፍሽው ቁጭ ብያለሁ።»

«ጎበዝ። ከዚያ እንዳይነሱ።»

«ምን በወጣኝ።»

አጄ ስንደርስ ልክ ስድስት ሰዓት ሆኗል። የእናቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ከዳር ሻይ ቤቶችና አንዲት ትንሽ ሆቴል አየሁና «አባዬ፣ እዚህ አንድ ነገር ቀምሰን ብንሄድስ?» አልኩት። በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ አፍሽን ዝጊ ማለት ነው።

«እናትሽ ያን ሁሉ አዘጋጅታ እዚህ ሽሮ ልብላ?» አለ።

«ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የቀረን ጋሼ» አለ ሳምሶን፣ ወደ ኮረኮንቹ እየታጠፈ።

ግማሽ ሰዓት ያለው አንድ ሰዓት ወሰደ። ኮረኮንቹ አዲሷን መኪና አንገጫግጯታል፤ ሳምሶን ድንጋይ በነካ ቁጥር የራሱ ጎን የተወጋ ይመስል ይቃትታል። ሐይቁ ብቅ ሲል ግን መቃተቱን ረሳ። ትልቅ ነው፣ ጭር ያለ ነው። አባቴ መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈተ። ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ገባና ውሃውን በእፍኙ ዘግኖ በጣቶቹ መሐል አሻሸው። «እንደ ሳሙና ያንሸራትታል» አለኝ ዞሮ። እየሳቀ ነበር። የስድሳ ዓመት ሰው መሆኑን ለአፍታ ረሳሁት።

ፒክአፑ ግን የለም።

መጀመሪያ አልደነገጥንም። ከድንጋዩ ጀርባ ይሆናል አልን፤ የለም። ከፍል ውሃው በኩል ይሆናል አልን፤ የለም። ስልካችን ላይ ኔትወርክ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰባት ሰዓት ተኩል አካባቢ አንድ ሞተረኛ ወደ አጄ ሲያልፍ አስቆምነውና የፒክአፑን ቀለም ነገርነው። «ካየኸው እነሰናይት ሐይቁ ጋ ይጠሩሃል፣ ቶሎ ና በለው» አልኩት። ሄደ። ያን ያልኩት በራሴ አፍ ነው፤ «ይጠሩሃል» የሚለውን ቃል።

እንጠብቅ አልን። ሳምሶን መኪናዋን ዳግም በዚያ መንገድ ለማመላለስ አልፈለገም፤ ደግሞስ በሌላ በኩል መጥቶ ብንተላለፍ? ኋላ ወንበር ላይ የነበረው ብስኩት በመንገድ አልቋል፤ መጠቅለያውን እንኳ ገልብጬ አየሁት። አባቴን ጥላ ሥር አስቀምጬ በጆሮው «ደህና ነህ?» አልኩት።

«ምን እሆናለሁ» አለ።

ስምንት ሰዓት አለፈ። አባቴ ዝም ማለት ጀመረ። ከዚያ ሳምሶን ከመኪናው ያወጣውን የመጥለቂያ መነጽር አሸዋ ላይ በማስቀመጡ ብቻ ተነስቶ ጮኸበት። «ይሄ መጫወቻ ነው? ሰው በዚህ ይሞታል!» አለው። አባቴ በሕይወቱ ተማሪው ላይ ጮሆ አያውቅም። ሳምሶን ደንግጦ አነሳው። የአባቴን ግንባር አየሁት፤ ላብ ቸፍ ብሏል። እጁን ያዝኩት፤ ይንቀጠቀጣል፣ ቀዝቅዟል።

«አባዬ፣ ከረሜላህ የታለ?»

ከረሜላ ከኪሱ አይለይም ነበር። ኮቱን በእጁ ፈለገ፤ ኮቱ ፒክአፑ ላይ ነው።

«አልማዝ» አለኝ። «በሩን ዝጊው፣ ብርድ ነው።»

አልማዝ እናቴ ናት። በር የሚባል ነገር በአጠገባችን አልነበረም። ያን ጊዜ መሐላዬን አፈረስኩት።

«ሳምሶን፣ አባቴ ስኳር አለበት። ጠዋት ተወግቷል፣ ምሳውን አልበላም። አሁኑኑ ጣፋጭ ነገር ካላገኘ ራሱን ይስታል።»

ሳምሶን እኔንና አባቴን እያፈራረቀ አየን። ከዚያ ኪሱን ዳበሰ። የተገኘው ማስቲካ ነው። ገልብጬ አነበብኩት፤ ስኳር የሌለው። ያኔ የቦሌ ልጅ ሁሉ ስኳር የሌለው ነገር ነበር የሚገዛው።

ሞተረኛው የተመለሰው ይህን ጊዜ ነው። ብቻውን ነው።

«አላገኘኸውም?» አልኩት እየሮጥኩ።

«አግኝቼዋለሁ። አጄ ነው ያለው። አልመጣም አለ።»

«ምን ማለት ነው አልመጣም አለ?»

«ይጠሩሃል ስለው ሌባ ነህ አለኝ። ወረቀት አውጥቶ አነበበልኝ፤ እዚህ ላይ ተጽፏል አለኝ። ስለምነው ድንጋይ አነሳ።»

ሞተረኛው ወረቀት ሲል ሳምሶንና ጓደኞቹ ወደ እኔ ዞሩ። ጠዋት በዚያ ዓረፍተ ነገር እንባቸው እስኪወጣ ስቀው ነበር። አሁን አንዱም አልሳቀም።

አባቴን ሁለት ሆነው ደግፈው መኪና ውስጥ አስገቡት። ሳምሶን ያን ሲሳሳላት የነበረ መኪና በዚያ ኮረኮንች ላይ እንደ ጋሪ አንደረደራት። ሞተረኛው ከፊታችን ይበራል፤ ወደ ቀረበው መንደር ምራን ብዬዋለሁ። አባቴ ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ የማይገባኝ ነገር ያጉተመትማል። ስለ ገመድ ይመስለኛል፤ «ገመዱን ልቀቁልኝ» ይላል። ከዚያ ማጉተምተሙም ቆመ። «አባዬ፣ አናግረኝ» እላለሁ፣ አይመልስም። ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ሞተረኛው አንድ የሣር ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ በኦሮምኛ ተጣራ። አንዲት ትልቅ ሴት ወጡ። አዴ ደሚቱ እንደሚባሉ ኋላ ነው ያወቅሁት። እኔ ኦሮምኛዬ ሰላምታ ላይ ያልቃል። ከመኪናው ወርጄ «ስኳር! ስኳር!» ብቻ አልኩ። ደግነቱ ቃሉ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው። ሴትየዋ መኪናው ውስጥ ያለውን ሰው አየት አድርገው ሳይጠይቁ ወደ ቤት ገቡ፤ በፌስታል የተቋጠረ ስኳርና ውሃ በጣሳ ይዘው ተመለሱ።

ስኳሩን ውሃው ውስጥ ስገለብጥ ሳምሶን እጄን ያዘኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው? ስኳር ያለበትን ሰው ስኳር? ልትገድይው ነው እንዴ?»

«ሳምሶን፣ ልቀቀኝ።»

«ሐኪም ቤት እንውሰደው። እኔ ቤተሰቤ ውስጥ አለ፣ ስኳር እንኳን ሊበሉት አያሸቱትም...»

«ስኳሩ ወርዷል! ወርዷል ነው የምልህ! አባቴ ነው፤ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ልቀቀኝ!»

ለቀቀኝ። አባቴ መዋጥ መቻሉን አላውቅም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ስኳሩን በጣቴ አርጥቤ በከንፈሩና በድዱ መሐል አሸሁለት። እንደገና፣ እንደገና። አዴ ደሚቱ ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው ይዘውልኛል። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከዚያ ምላሱ ተንቀሳቀሰ፣ ጣቴን ላሰው። ጣሳውን አፉ ላይ ሳደርግለት ጠጣ፤ ትን አለው፣ እንደገና ጠጣ። ዓይኑን ገለጠና ጣሪያውን፣ ሴትየዋን፣ በመጨረሻ እኔን አየ።

«ስኳሩ በዝቷል» አለ።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሳምሶንም ወዲያ ዞሮ ቆመ።

አዴ ደሚቱ ቂጣና ወተት አቅርበው እስኪበላ ድረስ አልለቀቁንም። ሳምሶን ብር ሊሰጣቸው ሲል እጁን ገፍተው አንድ ነገር ተናገሩ። ሞተረኛው «እንግዳ ነው የመጣብኝ እንጂ ደንበኛ አይደለም ይላሉ» ብሎ ተረጎመልን።

አጄ ስንደርስ ጋሽ ፈይሳ ከዚያች ትንሽ ሆቴል በር ላይ፣ አስፋልቱን ፊት ለፊት እያዩ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፒክአፑን ለዕቃው ብለው ከግቢው ውስጥ አስገብተው በሩን አስቆልፈዋል። ከጥቁሯ መኪና ስወርድ ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

«ይቺ መኪና ስድስት ሰዓት ላይ፣ ውስጥ ሆኜ በመስኮት ሳይ፣ አልፋኛለች» አሉ። «እኔ ነጭ ሚኒባስ ነበር የምጠብቀው።»

«ጋሽ ፈይሳ፣ ዋናው ጋ አይደል እንዴ ይጠብቁን ያልኩት?»

«ዋናው ጋ ነኛ» አሉና በእጃቸው አስፋልቱን አሳዩኝ። «ኮረኮንቹ ያ ነው፣ ዋናው ይሄ ነው። እንደጻፍሽው።»

«እኔ ዋናው ያልኩት... የሚዋኙበትን...» አልኩ። እኛ ገንዳው ጋ ስናወራ «ዋናው» የምንለው መዋኛውን ነው። «ና»ው ሲላላ መዋኘት ነው፣ ሲጠብቅ ትልቁ መንገድ ነው። በአፍ ሲነገር ሕፃን እንኳ ይለየዋል። ወረቀት ላይ ግን አንድ ናቸው፣ እሳቸውም ያነበቡት ማንም ሰው እንደሚያነበው ነው።

ጋሽ ፈይሳ ወረቀቱን አውጥተው ዓይናቸው ስር አስጠግተው አዩት። «በኦሮምኛ ቁቤ ቢሆን የሚጠብቀውን ፊደል ሁለት ጊዜ እንጽፈዋለን» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ከዚያ አባቴ ተደግፎ ሲወርድ አዩ። ሮጠው ሄደው ያዙት። «ምን ሆኑ ጋሽ አያሌው?»

እኔ ነገርኳቸው። የሞተረኛውን ነገር ስነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው መለሱት።

«ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «እሳቸው ስኳር እንዳለባቸው፣ ምሳቸውም እኔ ጋ እንዳለ ብትጽፊልኝ ኖሮ እንኳን እዚህ ልቀመጥ፣ ሐይቁ ውስጥ ገብቼ እፈልጋችሁ ነበር። ወረቀቱ ምንም ቢል። ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈሽ ዋናውን ተውሽው።»

ቃሉን አጥብቀው ነው ያሉት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ የእናቴን ምሳ በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ ሳምሶንንና ጓደኞቹን ጠርቶ አስቀመጣቸው። እኔ ልናገርለት ስል በእጁ ከለከለኝ። «ስኳር አለብኝ» አላቸው። «ሁለት ዓመቴ ነው። ደብቄያችኋለሁ። ከእናንተ ጋር ጥልቅ ውሃ ውስጥ ገብቼ እንደዛሬው ብሆን እኔን ለማውጣት ስትሉ ከእናንተ አንዱ ይሞት ነበር። ይህንን ለሰው የማስተምረው እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሳምሶን «ጋሼ፣ ያለ እርስዎ አንገባም» አለ። ሲሊንደሮቹ እንደተሞሉ አዲስ አበባ ተመለሱ። ያ ቡድን ከዚያ በኋላ የትም ውሃ አልገባም፤ ሳምሶን አሁን ፈረስ ይጋልባል አሉ።

እኔ ምን ተለወጥኩ? ቀልዴን የተውኩ እንዳይመስላችሁ፤ ከእኔ ጋር ውላችሁ እዩ። ግን በዚያ ሳምንት አንድ ነገር ስመረምር ከረምኩ። ያን ወረቀት ስጽፍ የአባቴ ነገር ከጭንቅላቴ ወጥቶ አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ስለ ስድስት ሰዓት ስጨነቅ ነበር። ስለ ተሳቢው፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ጠላው የጻፍኩት ስለዚያ አንድ ነገር ላለመጻፍ ነው። የማልኩት መሐላ ከብዶኝ ነበር፤ ጨዋታው ቀለል አደረገልኝ። ከመሐላችሁ እንደእኔ ተጫዋች የሆነ ካለ ይህን ልጠይቀው፦ ሰው ስታስቅ የምትዘላት ዓረፍተ ነገር የትኛዋ ናት? እሷን መጀመሪያ ጻፋት። በኋላ እንደፈለግህ ቀልድ። እኔ ዛሬ የራሴ ቢሮ አለኝ፤ ማንም ሹፌር ከመውጣቱ በፊት ወረቀቱን በአፉ ያነብልኛል፣ እኔም እሰማዋለሁ። ሹፌሮቹ ደብተር የምታስነብብ አስተማሪ ይሉኛል። ይበሉኝ።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ለሆቴሉ ሊነግር ተነሳ። «ማንም አልጠየቀህም እኮ» አለችው እናቴ። «ሰው ልጁን አምኖ ወደ እኔ ገንዳ ይልካል» አላትና ሸሚዙን ቆለፈ። አብሬው ሄድኩ፤ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ብዙ ቆየ። ሲወጣ የገንዳውን ቁልፍ ሁልጊዜ ከሚያንጠለጥልበት ቀበቶው ላይ አላየሁትም።

«ምን አሉህ?» አልኩት።

«ከውሃው አወጡኝ። ፎጣ የሚሰጥበት መስኮት ጋ አድርገውኛል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ የሚያስቅ ነገር ከአፌ አይጠፋም ነበር። ያን ቀን አልመጣልኝም፣ እንዲመጣም አልፈለግሁም። የቦሌን መንገድ ይዘን ትንሽ ሄድን። ከዚያ አባቴ ቆመ። መርከብ ሥር ገብቶ የወጣ ሰው ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት አባቴ ሆኖ ሲኖር ደከመኝ ሲል፣ አመመኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

«ሰናይት» አለኝ። «ራበኝ።»

እጁን ይዤ መጀመሪያ ያገኘሁት ምግብ ቤት አስገባሁት።